አሳማ ያልኩ ዕለት

የእህቴ ልጅ ሆድ ላይ እጄን ሳሳርፍ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ አሳማ ነው። ይህን ስናገር ፊቱን የሚያጨማድድ አለ፤ ያጨማድድ። እጅ የሚያውቀው የለመደውን ነው። የእኔ እጅ ለዓመታት የለመደው ደግሞ የአሳማ ግልገል ሆድ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት እያገላበጡ የትኛው እንደሚተርፍ፣ የትኛው እንደማይተርፍ መለየት። ከእምብርቷ አጠገብ ጠጠር ያለ ነገር ዳሰስኩ። በደንብ ያልታሸ ሊጥ ይመስላል፤ ጫን ሲሉት ሸሸት ይላል። ልጅቷ እጄን ያዘችኝ። ምን እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ፤ ደረቴ ውስጥ ግን ምንም አልተንቀሳቀሰም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ሰቆጣ የእንስሳት ጤና ተምሬ ስመረቅ ሥራ አልነበረም። ዲፕሎማዬን ሣጥን ውስጥ ከትቼ ፍየል ስጠብቅ ከረምኩ። አብራኝ የተማረች ልጅ ደውላ ደብረ ዘይት ዳርቻ አንድ እርባታ ሠራተኛ ይፈልጋል አለችኝ። የምን እርባታ ብዬ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም፤ ብትነግረኝ እንደማልመጣ ታውቃለች። በሩ ሲከፈት ነው ያየሁት። አሳማ ከዚያ በፊት በአካል አይቼ አላውቅም። እኛ አገር ያለው ከርከሮ ነው፤ እሱም ማሽላ ሊያወድም ይመጣል እንጂ ከሰው ጋር አይኖርም። ዞሬ ልመለስ አሰብኩ፤ ግን ወደ ምን? የመጀመሪያውን ሳምንት እህል አልወርድ አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት በላሁ። በሦስተኛው ሽታው ጠፋብኝ፤ ሽታው ግን እዚያው ነበር፣ የጠፋሁት እኔ ነኝ።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው። ጠዋት መጀመሪያ የሞቱትን ታወጫለሽ፤ ከዚያ በሕይወት ያሉትን ትመግቢያለሽ፤ ከዚያ ወለሉን በውኃ ታጥቢያለሽ። ቅደም ተከተሉን ካዛባሽ በሕይወት ያሉት የሞቱትን ይበላሉ። ይህን የነገረኝ ከእኔ በፊት የነበረ ሠራተኛ ነው፤ ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። እኔም በኋላ ለአዲስ ገቢዎች ስነግር እንደሱ እየሳቅሁ ራሴን አገኘሁት።

በእኔ ክፍል ብዙውን ጊዜ የሚገድላቸው ወስፋት ነበር። በሰው ሆድ ካለው ወስፋት ጋር ወንድማማች ነው፤ ነጣ ያለ፣ ድቡልቡል፣ ስንዝር ከምናምን የሚሆን። እንቁላሉ በአፈር ውስጥ ለዓመታት አይሞትም። እናት አሳማ ስትተኛ ጡቷ ላይ ጭቃ ይለጠፋል፣ ግልገሎቹ ሲጠቡ ጭቃውን አብረው ይውጣሉ። ስለዚህ ከመውለዷ በፊት በሞቀ ውኃና በሳሙና እናጥባታለን። አሳማ ስታምጥ «ማርያም ማርያም» የሚላት የለም። እኔ አንድ ጊዜ አምልጦኝ ብዬ አፌን በእጄ ያዝኩ፤ እጄ ሳሙና ነበር።

አንድ ክረምት ከሌላ ቦታ የተገዙ ግልገሎች መጡልን። ሆዳቸው ተነፍቷል፣ የጀርባቸው አጥንት ይቆጠራል፣ ያስላሉ። የእርባታው ሐኪም አይቶ «ትል ነው» አለ፤ ለሁሉም በአንድ ቀን የትል መድኃኒት ሰጠናቸው። በማግስቱ በጣም የተነፉት ሞቱ። ሐኪሙ አንዱን ቀዶ አሳየን። አንጀቱ ውስጥ ወስፋቱ እርስ በርሱ ተጠላልፎ እንደ ገመድ ተገምዷል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያልፍ ነገር የለም። «ትሉ በሕይወት ሳለ እየተገላበጠ መንገድ ይሰጣል» አለን፤ «ሲሞት ግን ባለበት ተያይዞ ይቀራል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መጀመሪያ መለየት ነበረብን።» ከዚያ ወዲህ ሆዱ የተነፋውን ሁሉ ለብቻው እለያለሁ፤ ሰገራ መውጣቱን ሳላይ መድኃኒት አልሰጥም።

እናቴም የሞተችው እዚያው ሳለሁ ነው። በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መንገዱም ስልኩም ተዘግቶ ነበር። ስልኩ ሲከፈት እህቴ ደወለችና «እማዬ ዐርፋለች፣ ቀብረናታል፣ ተስካሯንም አውጥተናል» አለችኝ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። የውኃ ጎማ ይዤ ነበር። ስልኩን ኪሴ ከትቼ የቀሩትን ክፍሎች አጠብኩ። ጠንካራ ስለሆንኩ አይደለም። ምንም አልተሰማኝም። ነገ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁት፤ አልመጣም። ከዚያ መጠበቁንም ተውኩት።

አገሬ የገባሁት ከዚያ ሁሉ በኋላ በፍልሰታ ነው። ከሰቆጣ እስከ ጽጽቃ በአይሱዙ ላይ ከማሽላ ጆንያ ጋር፣ ከጽጽቃ ወዲያ በእግር። እህቴ ከእናታችን ቤት ልጇን ይዛ ትኖራለች። እኔ እታለም ነው የምላት፤ ታላቄ ናት፣ ከእናታችን ሞት ወዲህ ደግሞ እናቴም ናት። ባሏ በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ከተሻገረ ቆይቷል፤ ሲመቸው ይደውላል፣ ብዙ ጊዜ አይመቸውም። ልጅ ያለቻት ያቺ አንዲቷ ናት።

አጥሩ ጋ ስደርስ እታለም ጠበል በጆግ ይዛ ጠበቀችኝ። አልሳመችኝም። መጀመሪያ ፊቴን፣ እጄን፣ እግሬን አስታጠበችኝ፤ ከዚያ ከጓሮ ልብሴን አስቀየረችኝና የወለቀውን ቅትቅታው ቁጥቋጦ ላይ አሰጣችው። ከዚያ በኋላ አንገቴን አንቃ ሳመችኝ፤ አለቀሰችም። እህቴ ክፉ አይደለችም። ሰው ስትወድ እንኳ በሥርዓት ነው። ምግብ ለብቻዬ በሳህን አቀረበችልኝ፣ «ለእንግዳ ነው» ብላ። እንግዳ አለመሆኔን ሁለታችንም እናውቃለን፤ አልተከራከርኩም።

ልጅቷ ግን ይህ ሥርዓት አልገባትም። እናቷ ዞር ስትል ጭኔ ላይ ወጥታ ከሳህኔ ትበላለች። አንድ ቀን ጆሮዬን ይዛ በሹክሹክታ «አሳማ ሰይጣን ነው የሚመስለው?» አለችኝ።

«አይ፣ የተላጨ በግ ነው የሚመስል» አልኳት።

ሳቋ ቤቱን ሞላው። እታለም ከውጭ «ምንድን ነው?» ስትል ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ወዲህ በግ ባየች ቁጥር ወደ እኔ ዞራ ትጠቅሰኛለች። እወዳት ነበር። ይህን እንዲህ በግልጽ የምጽፈው ያኔ መውደዴን ስላላወቅሁት ነው፤ የመሰለኝ እንደለመደችኝ ብቻ ነው።

ፍልሰታ በእኛ አገር የሕፃናት ጾም ነው። ሕፃናቱ ቀኑን ይጾሙና ቅዳሴ ሲያልቅ ይቆርባሉ። እታለም ልጇን በየቀኑ ነጭ አልብሳ ወስዳ ታስቆርባታለች። እንደኔ ያለው ከበር ውጭ ይቆማል። ልጅቷ ቆርባ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ስትወጣ የእህቴን ፊት ማየት ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ያ ፊት የላትም። ከጾሙ አጋማሽ በኋላ ግን ልጅቷ ሆዴን አለች። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም፤ በማግስቱም አልሄደችም። ታስመልሳለች፣ የሚያስመልሳት ደግሞ አትቆርብም። እታለምን ከሕመሙ ይልቅ የቆረቆራት ይሄ ይመስለኛል፤ ጎረቤትም ማንሾካሾክ ጀምሮ ነበር፣ ያቺ የአሳማዋ ከመጣች ወዲህ ነው ልጅቷ ቁርባን እንቢ ያላት እየተባለ።

«ወስፋቷ ተነሥቶባት ነው» አለች እታለም። ፌጦ ወቅጣ ሰጠቻት፣ ነጭ ሽንኩርት ሰጠቻት። ወስፋት የሌለበት ልጅ እኛ አገር የለም። የራበው ሰው «ወስፋቴ ጮኸ» ይላል፣ ጥቂት ሲቀምስ «ወስፋት መቁረጫ» ይላል፤ ከልጅነታችን አብሮን የሚያድግ ስለሆነ የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም። አንዳንዴ ከልጅ በሰገራ ይወጣል፣ እናት በእንጨት ገፋ አድርጋ አፈር ታለብሰዋለች፤ በቃ።

ልጅቷን አስተኝቼ ሆዷን የዳሰስኩት በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው። «ከመቼ ወዲህ ነው ውጭ ያልወጣችው?» አልኳት እህቴን።

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ። ምን በልታ ትውጣ?»

«ጋዝስ?»

«እሱንም እንጃ። ዛሬ ኪኒን እሰጣታለሁ፤ ያወጣላታል። ለመጨረሻው ቀን ትደርሳለች።» ከጎረቤታችን ከሽማግሌው ኪኒን አምጥታለች። ሽማግሌው ከገበያ እየገዙ የሚያስቀምጡት የፍየል የትል መድኃኒት ነው፤ ሞላላ፣ አረንጓዴ፣ አውራ ጣት የሚያህል። እህቴ በቢላዋ ከፍላ አዘጋጅታዋለች። ለፍየሎቻችን ሰጥታ ተሽሏቸዋል፤ መንደሩ ደግሞ ለልጆቹም ይሰጣል። ሽማግሌው ራሳቸው ሆዳቸውን ባመማቸው ቁጥር ይውጡታል።

«እታለም፣ አትስጫት» አልኩ። «አንጀቷ ተዘግቷል፤ እዚህ ጋ ዳብሺው። አሁን ትሉ ከሞተ ጭራሽ ይደፍነዋል። አሁኑኑ ጽጽቃ እንውሰዳት።»

እስከዚህ ድረስ ትሰማኝ ነበር። እጇን ልካ የልጇን ሆድ ዳበሰች፤ እብጠቱን ስታገኘው ፊቷ ተለወጠ። እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ ነጠላዋን አንሥታ ትወጣ ነበር። እኔ ግን ማስረጃ መጨመር ፈለግሁ፤ የተማረ ሰው በሽታ ነው መሰለኝ።

«አይቼዋለሁ እኮ» አልኳት። «እርባታው ውስጥ ልክ እንዲህ ሆዳቸው የተነፋ የአሳማ ግልገሎች ነበሩ። መድኃኒቱን ሰጠናቸው፣ በማግስቱ ሞቱ።»

እህቴ እጇን ከልጇ ሆድ ላይ አነሣች።

እኛ ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በአገራችን ቋንቋ በኽምጥኛ ነው። አማርኛ ለገበያ፣ ለቢሮና ለእንግዳ ነው። እታለም በአማርኛ ጀመረችኝ።

«ልጄን ከአሳማ ጋር አስተካከልሻት?»

«አላስተካከልኩም፣ ሕመሙን ነው…»

«ይሄ ሆድ ሥጋ ወደሙ የሚገባበት ሆድ ነው። ባለፈው ሳምንት እንኳ በየቀኑ ቆርባለች። አንቺ ደግሞ መጥተሽ በዚያ እጅሽ…» ጨርሳ አልተናገረችውም። ልጅቷን ከፊቴ አንሥታ ታቀፈቻት።

እኔም ተናደድኩ። በሕይወቴ የሚሰማኝ ነገር ቢኖር ንዴት ብቻ ነበር፤ እሱ አልደነዘዘም። «አሳማም ሆነ ልጅሽ፣ አንጀት አንጀት ነው!» አልኳት።

ጀርባዋን ሰጠችኝ። ከፍየል ጋር መመሳሰል አያስነውርም፤ ፍየል ንጹሕ ነው፣ የፍየል ኪኒን ለልጅ ይሆናል። ከአሳማ የተገኘ ዕውቀት ግን ልጅ አጠገብ አይደርስም። ይህን ስታዘብ አሁንም ደሜ ይፈላል። ግን የእህቴንም አውቀዋለሁ። በዚያ ዓመት ንጹሕ ሆኖ የቀራት ነገር ያቺ ልጅ ብቻ ነበረች። እናቷን አፈር አልብሳለች፣ ባሏ ባሕር ተሻግሮ ቀርቷል፣ እህቷ አሳማ ትጠብቃለች።

ስልክ የሚይዘው ቤተ ክርስቲያኑ ካለበት ጉብታ ላይ ነው። በጭቃው እየተንሸራተትኩ ወጣሁ። እህቴን ሐኪም ቢነግራት ትሰማለች ብዬ ነው። ስልኩ ሲይዝ ሲለቅ ቆይቶ ጽጽቃ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ አገኘሁ። የሆዷን ሁኔታ ስነግራት «በአፏ ምንም እንዳትሰጧት፣ ውኃም ቢሆን። ይዛችኋት ኑ፤ መኪና አስጠብቃለሁ» አለችኝ። ስልኩን ሳልዘጋ ቁልቁለቱን ሮጥኩ።

እታለም ደጁ ላይ ተቀምጣ ነበር። ልጅቷ ጭኗ ላይ ተኝታለች፤ አጠገባቸው የብርዝ ብርጭቆ አለ፣ ሥሩ ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ ቀርቷል።

«ሰጥቻታለሁ» አለችኝ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። «አሁን አሸልቧታል። ይሻላታል።»

ብርጭቆውን አየሁት። መጮህ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ማንም ሰው በዚያ ሰዓት ይጮኻል። እኔ ያደረግሁት ብርጭቆውን አንሥቼ ማጠብ ነው። ከዚያ ነርሷ ያለችውን አንድ በአንድ ነገርኳት። ስጨርስ እታለም «ሐኪም ናት ያለችው?» አለች። «አዎ» አልኳት። ተነሥታ ልጅቷን አዘለቻት።

ስንወጣ ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ነበሩ።

«አባ፣ እርስዎ ለሕፃን የፍየል ኪኒን ይሰጣሉ?» አልኳቸው፤ ቆሜ ሳይሆን እያለፍኩ።

«ኧረ ልጄ፣ እኔስ ስንቴ ውጬዋለሁ» አሉ። ግራ ገብቷቸው ነበር። ዱላቸውን ይዘው ተከተሉን፤ እስከ ወንዙ ድረስ ከኋላችን መጡ። ወንዙን መሻገር ስላቃታቸው እዚያው ቆመው «ማርያም ታውጣት፣ ማርያም ታውጣት» እያሉ ቀሩ።

ሕመሙ የጠናባት ግማሽ መንገድ ላይ ነው። መጀመሪያ ታቃስት ነበር፤ ከዚያ ጮኸች። እየመጣ የሚሄድ ጩኸት ነው፤ ሲመጣ ጀርባዋን ትለጥጣለች፣ እህቴም አብራ ወደ ኋላ ትጎተታለች። «አምጪያት» ስላት እንቢ አለችኝ። እንደገና ስላት እንቢ አለች። ዳገቱ ላይ አዳልጧት በጉልበቷ ጭቃው ላይ ወረደች። ያኔ አንቀልባውን ፈትታ ሰጠችኝ። ልጅቷን አዘልኳት። ሆዷ ጀርባዬ ላይ ነበር፤ ጥንካሬው በልብስ ውስጥ ይሰማኛል። እየሮጥኩ እርምጃዬን አመጣጥን ነበር፣ እንዳይነቀንቃት። ስለ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ጽጽቃ እንደደረስን ነርሷ እንዳለችው መኪናው ቆሞ ነበር። ግሉኮስ ሰክተውላት ወደ ሰቆጣ ገሠገሥን። መንገድ ላይ ልጅቷ አስመለሳት፤ ከትውከቱ ጋር አንድ ወስፋት ወጣ። እህቴ ነጠላዋን ይዛ ነበር የተቀበለችው። ነጠላው ላይ ያለውን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ በጠርዙ ጠቅልላ ያዘችው፤ አልጣለችውም።

ሰቆጣ ሆስፒታል ሐኪሙ ሆዷን ዳሰሰና ቀና ብሎ አየን። «ምን ተሰጣት? መቼ?»

እታለምን ቀድሜ «የፍየል የትል መድኃኒት ሰጠናት፤ ረፋዱ ላይ» አልኩ። ሰጠናት አልኩ። እህቴ ዞራ አየችኝ። ሐኪሙ ሌላ አልጠየቀም፤ አልወቀሰንም። ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧት።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ ወጥቶ ከፊታችን ቁጢጥ አለ። ቆሞ ቢናገር ኖሮ ተስፋ አደርግ ነበር። አንጀቷ ብዙ ቦታ ላይ ሞቶ እንደነበር፣ የሞተውን ቆርጠው እንዳወጡ፣ ልቧ ግን እንዳልቻለ ነገረን። እታለም «እሺ» አለችው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችው። ከዚያ ነጠላዋን ከላይዋ ገፍፋ መሬት አነጠፈችና ላዩ ላይ ተቀመጠች።

ቀብሩን ብዙ አላስታውሰውም። ትንሽ ሣጥን ነበር፤ ሁለት ሰዎች ይበቁታል፣ ግን የመንደሩ ወንዶች በሙሉ መሸከም ፈለጉ። ለቀስተኛው «ሕፃን ናት፣ እንደ ቆረበች ነው የሄደችው» ይላል፤ እህቴ ራሷን ትነቀንቃለች። «ሌላ ይተካልሽ» ያሏትም ነበሩ፤ በማን እንደሚተካ ግን አልነገሯትም። ሽማግሌው መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ መግባት አልቻሉም። እታለም «አባ፣ ይግቡ እንጂ፣ ብርድ ነው» አለቻቸው። ገቡና ግድግዳውን ታክከው ተቀምጠው እንደ ሴት አለቀሱ። እኔ ውኃ እቀዳለሁ፣ ንፍሮ አቀርባለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ። የሚያዩኝ «ይቺ ልጅ ጠንካራ ናት» ይላሉ። ጥንካሬ ሳይሆን ልማድ ነው፤ መጀመሪያ የሞቱትን ታወጫለሽ፣ ከዚያ በሕይወት ያሉትን ትመግቢያለሽ።

ፍልሰታ ተፈታ። ለቀስተኛው ወደየቤቱ ሄደ። እኔ የእረፍት ጊዜዬ አልቆ ነበር፤ ከእርባታው ሲደውሉ ስልኩ ስለማይይዝ አላገኙኝም፣ እኔም ወደ ጉብታው አልወጣሁም። እታለምና እኔ ከልጅቷ ወዲህ ስለ ልጅቷ አላወራንም። ስለ ፍየል፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጣሪያው እናወራለን። ምግብ አሁንም ለየብቻ ነው የምንበላው፤ አስባበት አይመስለኝም፣ እጇ ነው የለመደው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደጅ ተቀምጠን ማሽላ እንለቅም ነበር። እህቴ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ከእህሉ ሳታነሣ፣ «እነዚያ አሳማዎች» አለች።

ቃሉን ያለ ቁጣ ከአፏ ስሰማው ያ የመጀመሪያ ጊዜዬ ይመስለኛል። «የትኞቹ?» አልኳት፤ የትኞቹ እንደሆኑ እያወቅሁ።

«መድኃኒት የሰጣችኋቸው። ሲሞቱ ይጮኹ ነበር?»

ምን መስማት እንደፈለገች ያወቅሁ መሰለኝ። «አይጮኹም» አልኳት። «ይደክማቸዋል፣ ከዚያ ይተኛሉ። እንቅልፍ ነው የሚወስዳቸው።»

ጥቂት ጠጠር ለቅማ ጣለች። «የእኔ ጮኻለች» አለች። «መንገዱን ሙሉ ጮኻለች።»

ያኔ ነው የተናገርኩት የገባኝ። ላጽናናት ብዬ ልጇን ብቻዋን የተሠቃየች አደረግኋት፤ ከአሳማ የባሰ። አንድ ነገር መጣብኝ፤ በእናቴ ጊዜ ጠብቄው የቀረው ይሁን ሌላ አላውቅም፤ ግን አመመኝ፣ በጣም አመመኝ።

«ዋሽቼሽ ነው እታለም» አልኳት። «ይጮኻሉ። ሁሉም ይጮኻሉ። እናታቸው ከወዲያኛው ክፍል እስክትሰማ ይጮኻሉ።»

እህቴ ከሰፌዱ ቀና ብላ አየችኝ።

«የእኔ ብቻዋን የጮኸች መስሎኝ ነበር» አለች።